አባሪው የት ገባ? ስለ ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጥናት ማኅደር የቀረበ ሂስ

ሂስ በአገራችን ብዙውን ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ታተመ መጽሐፍ፣ ወደ መድረክ ተውኔት ወይም ወደ ሥዕል ትርኢት ነው። ማኅደርን የገመገመ ሐያሲ እምብዛም አልታየም። ማኅደር የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ሐያሲ ስለ መጋዘን ምን አገባው? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁንና ማኅደርም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ደራሲ አለው። የትኛው ወረቀት ይግባ፣ የትኛው ይቅር፣ የገባውስ በምን ስም ይጠራ፣ በየትኛው ረድፍ ይሰለፍ ብሎ የወሰነ ሰው ወይም የወሰነ ደንብ አለ። ውሳኔ ባለበት አመለካከት አለ፤ አመለካከት ባለበትም ሂስ ቦታ አለው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጥናቶች ሰብስቦ በኢንተርኔት ለማንኛውም አንባቢ የከፈተውን የኤሌክትሮኒክ ማኅደር ነው። ከዚሁ ጋር በማያያዝ ከማኅደሩ ደጅ ውጭ የቀሩትን የግቢውን መዛግብት፣ ማለትም የተማሪዎችን ጋዜጦች፣ ግጥሞችና በራሪ ወረቀቶች እናነሳለን።

በመጀመሪያ ማኅደሩ የሠራውን ሥራ እንመስክርለት። አንድ የመመረቂያ ጥናት ለማንበብ የፈለገ ሰው ቀደም ሲል ስድስት ኪሎ ድረስ መምጣት፣ በንባብ አዳራሽ መቀመጥና የሚያስፈልገውን በእጁ እየገለበጠ መጻፍ ነበረበት። ሰቆጣ ወይም ጎሬ የሚያስተምር መምህር፣ ጥናቱ የተካሄደው በእርሱ ወረዳ፣ የተጠየቁትም የእርሱ ጎረቤቶች ሆነው ሳለ፣ ጥናቱ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር። ዛሬ ያው መምህር መብራትና ኔትወርክ በተገናኙለት ዕለት በእጅ ስልኩ ከፍቶ ሊያነብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወቅቱ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው ብሔራዊ ፖሊሲም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ደንግጓል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሕዝብ አንጡራ ሀብት ተምሮ፣ ሕዝቡን ጠይቆ፣ ያገኘውን መልስ በመደርደሪያ ላይ ለአቧራ ትቶ መሄድ የረጅም ጊዜ ልማዳችን ነበርና።

ታዲያ የተከፈተው ምንድን ነው? ማኅደሩን የከፈተ አንባቢ የሚያገኘው በኮሌጅና በትምህርት ክፍል የተደለደለ ዝርዝር ነው። ከዝርዝሩ አንዱን ሲነካ የጥናቱ ርእስ፣ የአጥኚው ስም፣ የአማካሪው ስም፣ ዓመቱ፣ አኅጽሮተ ጥናቱና ቁልፍ ቃላቱ ይመጡለታል፤ ከዚያም ጥናቱ ራሱ በፒዲኤፍ። አኅጽሮቱ በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የጥናቱን ዓላማ፣ የተከተለውን ንድፈ ሐሳብ፣ የተጠቀመበትን ዘዴና የደረሰበትን መደምደሚያ በአንድ ገጽ ይነግረናል። ለኢኮኖሚክስ ወይም ለኬሚስትሪ ጥናት ይህ መግለጫ በቂ ሊሆን ይችላል። የዚህ መጽሔት አንባቢ፣ መምህሩና ከያኒው፣ የባህል ሥራ የተሰጠውም ካድሬ፣ ከሁሉ አስቀድመው በሚፈልጓቸው ጥናቶች ዘንድ ግን ይኸው መግለጫ ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ዋናው ነገር አባሪው ነውና።

ነገሩን ለማስረዳት በሥነ ቃል ላይ የሚሠራን የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የተለመደ ቅርጽ እንመልከት። ርእሱ ስለ አንድ ወረዳ ሙሾ ነው እንበል። ምዕራፍ አንድ መግቢያ ነው፤ የጥናቱን ዳራ፣ ዓላማ፣ ጠቀሜታና ወሰን ይዘረዝራል። ምዕራፍ ሁለት የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት ነው፤ አላን ዱንደስ፣ ዳን ቤን አሞስና ሩት ፊኔጋን እዚህ በየተራ ብቅ ይላሉ። ስለ ዘዴ ይነገራል፣ ስለ አካባቢው መልክዐ ምድር ይነገራል፤ ከዚያም ትንተናው ይመጣል። በትንተናው ውስጥ ከተሰበሰቡት ግጥሞች ጥቂት ስንኞች እየተቀነጨቡ ይጠቀሳሉ። መደምደሚያው ሙሾ ማኅበራዊ ፋይዳ እንዳለው ያረጋግጣል። (ይህን ለማወቅ ለቅሶ ደርሶ መመለስ ይበቃ እንደነበር ለመጥቀስ እንወዳለን።) ከዋቢ ጽሑፎች ቀጥሎ፣ አንባቢ መጽሐፉን ሊዘጋ በተዘጋጀበት ቦታ ላይ፣ አባሪዎቹ ይጀምራሉ። በአንደኛው የቃለ መጠይቁ መመሪያ፣ በሌላው የመረጃ ሰጪዎች ሠንጠረዥ፣ በመጨረሻውም ግጥሞቹ፤ እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሙሾ አውራጇ ባወረዱበት ቅደም ተከተል።

ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በአካሉ የቀረበው ንድፈ ሐሳብ በማንኛውም ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ቢጠፋም ምንጩ ሌላ ቦታ ስላለ ተመልሶ ይጻፋል። በአባሪው ያለው ግጥም ግን ምናልባት በዓለም ላይ ብቸኛው ቅጂ ነው። ሙሾ አውራጇ በሕይወት የሉ ይሆናል፤ ልጃቸው ከተማ ገብታ ዜማውን ሳትወርስ ቀርታ ይሆናል፤ መንደሩም በጦርነት ወይም በሰፈራ ተበትኖ ይሆናል። ጥናቱ ዲግሪ ያስገኘው በምዕራፍ ሁለትና በምዕራፍ አራት ነው፤ ዕድሜ የሚሰጠው ግን አባሪው ነው። ማኅደሩ ዲግሪውን መዝግቧል፤ ሥራውን አልመዘገበም። በመግለጫው ላይ የግጥም ርእስ የለም፣ የስንኝ መነሻ የለም፣ በአባሪው ስንት ግጥም እንዳለ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አይታይም። ፉከራ ፈላጊው ተዋናይ፣ የሰርግ ዘፈን ፈላጊው የባህል ቡድን አሠልጣኝ፣ ለተማሪዎቹ የአካባቢያቸውን ተረት ለማንበብ የሚሻው መምህር ሁሉም በዚህ መግለጫ ፊት ቆመው ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ ይመለሳሉ።

የመረጃ ሰጪዎች ሠንጠረዥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሂስ ይገባዋል። ዓምዶቹ የታወቁ ናቸው፤ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የመኖሪያ ቀበሌ፣ ሥራና የትምህርት ደረጃ ናቸው። የአርባ ገጽ ግጥም ከቃላቸው የተቀዳላቸው የሰባ ዓመት አዛውንት በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ረድፍ ያገኛሉ፤ በመጨረሻው ዓምድ ላይም «ያልተማሩ» ተብለው ያልፋሉ። ሰውየው ቅኔውን የሚዘርፉ፣ ሰሙን ከወርቁ የሚለዩ፣ ለፈረስ የሚሆነውን ፉከራ ለአደን ከሚሆነው ነጥለው የሚያውቁ ናቸው። ተማሪው ሁለት ዓመት የተማረው ከእርሳቸው ነው። «ያልተማሩ» የሚለው ቃል የሚገልጸው የአዛውንቱን እውቀት ሳይሆን የሠንጠረዡን ጠባብነት ነው። እንዲያም ሆኖ ሠንጠረዡ ስማቸውን ይዟል። ማኅደሩ ግን ይህንንም አልወሰደም። የአጥኚው ስም አለ፣ የአማካሪው ስም አለ፤ የግጥሙ ባለቤት ስም በመግለጫው ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህ አካሄድ ከየት መጣ ያልን እንደሆነ የተማሪ ጥናትን ታሪክ በአጭሩ መቃኘት ይጠቅማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ቡለቲን ማውጣት ጀመሩ። ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ናቸው። ያደጉበትን ልማድ ተመልሰው እንደ አጥኚ ይጠይቁና ያገኙትን በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ገና አልተቋቋመም፤ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነውና። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከተቋሙ በፊት ተቋም ሆነው ሠርተዋል ማለት ይቻላል። እነዚህን ቡለቲኖች አሉላ ፓንክረስት አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2002 እንደገና ባያሳትሟቸው ኖሮ ዛሬ ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር የሚያውቃቸው አይኖርም ነበር።

ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መጣ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኛውም አስተማሪ ሆኖ ነው የሄደው። ይህ ዓመት ለፖለቲካው ያደረገው ብዙ ተጽፎበታል። ለጥናቱ ያደረገው ግን ያን ያህል አልተነገረለትም። ተማሪው ስለ ጭሰኛው በመጽሐፍ ያነበበውን ከጭሰኛው ቤት አድሮ አየው፤ ከባላባቱም ከካህኑም አፍ የአካባቢውን ታሪክ ሰማ። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚጻፈው የመመረቂያ ጥናት ከዚህ ዓይነቱ ቀረቤታ ብዙ ተጠቅሟል። በታሪክ ትምህርት ክፍል የተጻፉት እነዚህ ጥናቶች የዘመናዊውን የኢትዮጵያ ታሪክ አጻጻፍ ምን ያህል እንደደገፉ ለማየት ከ1960ዎቹ ወዲህ የታተሙ የታሪክ ጥናቶችን የግርጌ ማስታወሻ መመልከት ይበቃል። የአንድ አውራጃ ገዢ ማን እንደነበረ፣ የአንድ ገበያ ቀን ለምን እንደተለወጠ ብዙ ጊዜ የሚመሰክረው አንድ የሃያ ሁለት ወይም የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የጻፈው ጥናት ነው።

እንግዲህ ማኅደሩ ከእነዚህ ውስጥ ምን ያህሉን ያሳየናል? በኢንተርኔት የተከፈተው ክምችት በአብዛኛው የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቶች ናቸው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በዚህ አደላደል ከዚያ በፊት የነበረው የተማሪ ጥናት ከነጭራሹ ታሪክ የሌለው ይመስላል። በዲግሪ ማዕረግ የተመዘነ ማኅደር ትንሹን ዲግሪ ትንሽ ሥራ አድርጎ ይቆጥራል። በታሪክና በሥነ ቃል ዘንድ ግን ሚዛኑ ተቃራኒ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ያነጋገራቸው ሽማግሌዎች የዐድዋን ዘማቾች በዐይናቸው ያዩ ነበሩ። በ2010ሮቹ የተጻፈ የዶክትሬት ጥናት፣ ንድፈ ሐሳቡ የቱን ያህል ቢረቅ፣ እነዚያን ሽማግሌዎች ሊያነጋግር አይችልም።

አባሪውን ወደ ፊት ማምጣት የማይቻል ነገር አይደለም። ፈቃደ አዘዘ እ.ኤ.አ. በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ ያሳተሙት፣ ርእሱም ያልተሰሙ ድምፆች የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ ስለ ድርቅ፣ ስለ ረኀብና ስለ እግዚአብሔር የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች የተናገሯቸውን ቃል ግጥሞች የያዘ ነው። በዚያ መጽሐፍ ግጥሞቹ የንድፈ ሐሳብ ማረጋገጫ ሆነው አልቀረቡም፤ የመጽሐፉ ጉዳይ እነርሱው ናቸው። የ1977ቱን ረኀብ የውጭ አገር ካሜራ አይቶታል፣ የመንግሥት ሪፖርት ቆጥሮታል፤ የተራበው ሰው ራሱ ምን እንዳለ ግን የምናገኘው እንዲህ ካለው ሥራ ነው። ጌቴ ገላዬም የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ስለ ኅብረት ሥራና ስለ መንግሥት የገጠሟቸውን ግጥሞች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2000 በጀርመን አገር ያሳተሙት ጥናት በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። የመሬት ፖሊሲ የሚያወጣ ሰው አንድ የጎጃም ገበሬ በመሬት ጉዳይ ላይ የገጠመውን ቢያነብ አንድ ስብሰባ ይቆጥብ ነበር። እነዚህ ሁለት ሥራዎች መጽሐፍ ለመሆን የበቁ ናቸው። ለመጽሐፍ ያልበቁት፣ በየአባሪው ተጣጥፈው የቀሩት፣ ከእነዚህ እጅግ ይበዛሉ።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ድምፁ። ተማሪው ቀድሞ በካሴት፣ ኋላም በእጅ ስልኩ የቀዳው ድምፅ የት ደረሰ? ማኅደሩ የሚቀበለው የተጻፈውን ሰነድ ነው። ቀረርቶ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ዐጥንቱ ይቀራል እንጂ ሥጋውና ደሙ አይኖርም። የት ላይ ድምፁ እንደሚነሳ፣ አዝማቹን ተቀባዮቹ እንዴት እንደሚመልሱት፣ እንባው የት ላይ እንደሚያቋርጠው ፊደል አይናገርም። ካሴቱ በአጥኚው ቤት መሳቢያ ውስጥ ሆኖ እየደረቀ ነው፤ ማግኔቱ ሲላላ ድምፁም አብሮ ይላላል። ለተዋናይና ለድምፃዊ ከሙሉ ጥናቱ ይልቅ የአምስት ደቂቃ ቅጂ ይጠቅመው ነበር።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። በአማርኛ የተጻፉት ጥናቶች በኢንተርኔት ማኅደር ውስጥ የሚገጥማቸው ችግር በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የተለየ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ ይዘጋጅ የነበረው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ ለሰው ዐይን ጥሩ አማርኛ ነው፤ ለማሽኑ ግን የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ቅልቅል ነው። ከዚያ ቀደም ያሉት በታይፕ የተመቱት ጥናቶች ደግሞ በምስልነት ብቻ ነው የሚነሱት። ስለዚህ «ሙሾ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ጥቂት ብቻ ቢያገኝ ስለ ሙሾ የተጻፈው ጥቂት ነው ብሎ መደምደም የለበትም።

በዚህ ላይ የራሳችን የአጻጻፍ ልማድ ይታከልበታል። «ሥነ ቃል» የሚለው በንጉሡ ሠ ይጻፋል፣ በእሳቱ ሰ ይጻፋል፣ ተያይዞ ይጻፋል፣ በሰረዝም ይጻፋል። «ፀሐይ» የሚለውን ሞክሼ ፊደላቱን እየለዋወጡ ከ6 በማያንስ መንገድ መጻፍ ይቻላል። ሰው አንዱን አይቶ ሌላውን ይረዳል፤ መፈለጊያው ግን አንድ ፊደል ሲለወጥ ሌላ ቃል መጣ ይላል። ርእሱ በላቲን ፊደል የተመዘገበ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል፤ «ጸ»ን አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ አድርጎ ይጽፋታልና። የቋንቋ ምሁራን ስለ ሞክሼ ፊደላት ከተከራከሩ ዘመን ተቆጥሯል። ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሞክሼዎቹን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር መፈለጊያ ማዘጋጀት የአንድ ወጣት ፕሮግራመር ሥራ ነው።

የስሙ ነገርም አለ። በዓለም አቀፉ የካታሎግ ልማድ የደራሲ ስም ከቤተሰብ ስም ይጀምራል። የኢትዮጵያ ሰው ግን የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስሙ የራሱ ነው፣ ቀጥሎ ያለው የአባቱ ነው። ስሙን ገልብጦ የመዘገበ ካታሎግ ጥናቱን ለአባቱ ይሰጣል። ልጁን አስተምሮ ለዲግሪ ያበቃ አባት ክብሩ ይገባዋል ብንል እንኳ አንባቢው የሚፈልገውን ሰው አያገኝም። ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ጥናት ሽፋን ላይ 1976 የሚል ቁጥር ያየ መዝጋቢ፣ የትኛው ዘመን መሆኑን ሳይጠይቅ ወደ ማሽኑ ካስገባው፣ ጥናቱ በአውሮፓውያኑ 1976 የተጻፈ ይሆናል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ተራ ስሕተት ይመስላል። በኢትዮጵያ ታሪክ ግን በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል የሶማሊያ ጦርነትም ቀይ ሽብርም አሉ።

እስካሁን ያልነው ወደ ማኅደሩ ስለገባው ነው። ያልገባውስ? ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ብቻ አይደለም። ግቢው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከመመረቂያ ጥናቶቹ እኩል ክብደት ያለው ሌላ ጽሑፍ አፍርቷል። ኒውስ ኤንድ ቪውስ የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ፣ ኋላም ስትራግል የተባለው የተማሪዎች ማኅበር ልሳን በስቴንስል እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ነበር። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ የወጣው በዚሁ በስትራግል ነው። በተከተለው ወር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ከባሕር ማዶም በሰሜን አሜሪካ የነበሩት ተማሪዎች ቻሌንጅን፣ በአውሮፓ የነበሩት ታጠቅን ያወጡ ነበር።

ከኅዳር 1962 ጽሑፍ የበለጠ የተወገዘና የተወደሰ የተማሪ ጽሑፍ በአገራችን ያለ አይመስለንም። ርዝመቱ ከጥቂት ገጾች አያልፍም። ከሚያወግዙትም ከሚያወድሱትም ውስጥ ጽሑፉን ከነአካባቢው፣ በዚያው እትም ከጎኑ ምን እንደነበረ፣ በቀጣዩ እትም ማን ምን ብሎ እንደመለሰ አይቶ የሚናገር ምን ያህል ሰው ነው? ራንዲ ባልስቪክ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ባሕሩ ዘውዴም እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ተማሪዎች እንቅስቃሴ ያሳተሟቸው ጥናቶች እነዚህን ወረቀቶች በእጅ እየዳሰሱ የተሠሩ ናቸው። ወረቀቶቹ እንግዲህ አልጠፉም። ዳሩ ግን ስለ ተማሪዎች እንቅስቃሴ የተጻፈውን የመመረቂያ ጥናት በማኅደሩ ያነበበ መምህር ዋናውን ወረቀት በዚያው ፍለጋ፣ በዚያው ገጽ አያገኘውም። የጥቅሱን ጥቅስ ይዞ ወደ ክፍል ይገባል። የፖለቲካ ክርክራችን ከጽሑፉ ይልቅ ስለ ጽሑፉ በተወራው ላይ ለምን እንደሚሽከረከር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች ደግሞ የኮሌጅ ቀን ግጥሞች አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙበት በነበረው በዚህ በዓል ተማሪዎች የውድድር ግጥም ያነቡ ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም.፣ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ በብዕር ስሙ ገሞራው፣ «በረከተ መርገም» በ1959 ዓ.ም. የዚህ መድረክ ፍሬዎች ናቸው። ዮሐንስ አድማሱና ኢብሳ ጉተማም ስማቸው ከዚሁ መድረክ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ስለ እነዚህ ግጥሞች ከሃምሳ ዓመት በላይ ተነግሯል፤ ነገር ግን የተነገረው ሁሉ ስለ ጥቂቶቹ ነው። ሐያሲ «በረከተ መርገም»ን በትክክል ለመመዘን ከጎኑ ተወዳድረው የተሸነፉትን ግጥሞች ማየት አለበት። የዘመኑ ተራ ግጥም ምን ይመስል ነበር? የቁጣው ቋንቋ የገሞራው የራሱ ግኝት ነው ወይስ በግቢው ውስጥ ሲንሸራሸር የነበረ የጋራ ቋንቋ? የስንኙ ርዝመት፣ የቤት አመታቱ ከየት መጣ? የየዓመቱ ውድድር ግጥሞች አንድ ላይ ተሰብስበው በየዓመታቸው ካልተደረደሩ እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ አይቻልም። አሸናፊውን ብቻ የምናውቅ ከሆነ የምናውቀው ዝናውን ነው።

ሁሉም ይከፈት ማለታችን ግን አይደለም። ግቢው የያዛቸው ሌሎች መዛግብት፣ የተማሪ ውጤት፣ የሕክምና ካርድ፣ የዲሲፕሊን ቃለ ጉባኤ፣ የግለሰብ ጉዳይ ናቸውና በዘመን ገደብና በሕግ መጠበቅ አለባቸው። በተለይም በ1960ዎቹ መጨረሻ በየወገኑ ስም እየተጠራ ሰው በተገደለበት አገር፣ ማን በየትኛው ስብሰባ እጁን እንዳወጣ የሚናገር ወረቀት በጥንቃቄ የሚያዝ ነገር ነው። የመረጃ ሰጪዎቹም ጉዳይ ቀላል አይደለም። አንዲት እናት ደብተር ይዞ ለመጣ ተማሪ የቀበሌውን ሹም የሚነካ እንጉርጉሮ ሲነግሩት፣ ቃላቸው ከነቀበሌያቸውና ከነዕድሜያቸው በዓለም ፊት ይሰጣል ብለው አላሰቡም። ለአንዷ ሙሾ አውራጅ ስማቸው መጠራቱ ክብር ነው፤ ለሌላዋ አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ግጥሙን ሲቀበል ስምዎን ልጻፍ ወይስ ልተው? ድምፅዎ ቢሰማስ? ብሎ መጠየቅና መልሱን ከግጥሙ ጋር አብሮ ማስረከብ ይኖርበታል።

ማኅደሩ ሲከፈት ጥናት ሰረቃ በዛ የሚለው ቅሬታም ይሰማል። ሌላው የጻፈውን ገልብጦ በስሙ የሚያቀርብ መኖሩ እውነት ነው። ገልባጩ ግን መደርደሪያው በተዘጋበት ዘመንም ነበር፤ ያኔ የሚይዘው አልነበረም። የተከፈተ ማኅደር ለሌባው የሚያመቸውን ያህል ለባለቤቱም ያመቻል።

የሚያስፈልገው ሥራ ከአዲስ ሕንፃ ወይም ከአዲስ በጀት በፊት የሚጀመር ነው። ጥናቱን የሚያስረክበው ተማሪ አባሪውን ለብቻው፣ በዩኒኮድ ተጽፎ፣ እያንዳንዱ ግጥም በመጀመሪያ ስንኙ ተሰይሞ፣ ከድምፁ ጋር ቢያስረክብ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በአገሪቱ ከሚገኙት ሁሉ የሚበልጥ የሥነ ቃል ክምችት ይኖረናል። የቀድሞዎቹን ጥናቶች አባሪ መልሶ መጻፍ ደግሞ ለኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጥሩ የክፍል ሥራ ነው፤ አንድ ተማሪ አንድ አባሪ ቢወስድ ከግጥሙም ይማራል። ማኅደሩ የሚሠራበት ዲስፔስ የተባለው ፕሮግራም፣ የሚከተለውም ደብሊን ኮር የተባለው ባለ 15 መደብ የመዝገብ ደንብ ለዚህ ዕንቅፋት አይሆኑም። በዚያ ደንብ ለአስተዋፅዖ አድራጊዎች የተተወ መደብ አለ። ፕሮግራሙ ይህን መደብ በንዑስ ክፍሎች ይከፋፍለዋል፤ በአንዱ የአጥኚው ስም ይገባል፣ በሌላው የአማካሪው። ሌላ አስተዋፅዖ አድራጊ የሚል ንዑስ ክፍልም ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ የሙሾ አውራጇ፣ የፎካሪው፣ የተረት ነጋሪው ስም ሊጻፍበት የሚችለው በዚያ ነው።